ወለሉን ማን ይሥራው?

ቤት የሚሠራ ሰው ገንዘብ ሊቸግረው ይችላል፤ እንጨትና ሲሚንቶም እንደዚሁ። ምክር ግን አይቸግረውም። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የእናቴን ቤት ወለል ላሠራ ወደ ጎጃም ስሄድ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቼ ቡሬ እስክደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ሁሉ መክሮኛል። አንዱ «ሊሾ አድርገህ ተገላገል» አለኝ። ሌላው «ሊሾማ ድሮ ቀረ፣ ሴራሚክ ነው እንጂ!» ብሎ ተቆጣ። ሴራሚክ ነጋዴ መሆኑን የነገረኝ ግን ደጀን ከደረስን በኋላ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የተሳፈሩ አንድ አባት ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ «ሰው ከአፈር ተሠርቶ አፈር ይጠየፋል!» አሉና ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ።

እውነቱን ለመናገር አፈሩን ተጠይፌው አልነበረም። ያደግሁበት ነው። የእናቴ ቤት ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ቦታ ላይ ነው ያለው። ጣራው ከሳር ወደ ቆርቆሮ ተለውጧል፤ ወለሉ ግን አፈር እንደሆነ ቆይቷል። እናቴ አርብ አርብ ትለቀልቀው ነበር። ትኩስ የላም እበት ከአመድና ከተነፋ አፈር ጋር በውሃ ትበጠብጣለች፤ ከጓዳው ጥግ ትጀምርና ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች፣ በመዳፏ እየዳበሰች፣ እስከ ደጃፉ ትወጣለች። መዳፏ ያለፈበት መስመር ወለሉ ከደረቀ በኋላም ይታያል። በበዓል ቀን ቄጤማ ይጎዘጎዝበታል። ደህና የተለቀለቀ ወለል አይሰነጠቅም፣ አቧራም አያነሳም። ክፉኛ የተለቀለቀ ግን በሦስተኛው ቀን ቅርፊቱ እየተላጠ ይነሳል። ከመንደራችን ሴቶች መካከል ልቅለቃ የምታውቀውና የማታውቀው በስም ተለይተው ይታወቁ ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

ወለሉን ለመቀየር ያስነሳኝ የአክስቴ እግር ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእናቴ ጋር ትኖራለች። ሁለቱም እግሮቿ ከጉልበቷ በታች ያበጡት ገና በወጣትነቷ ነበር። በአገሩ «ዝሆኔ» ይሉታል። ከእርግማን፣ ከድግምት፣ እባብ ከሄደበት መንገድ፣ ያላያያዙት ነገር የለም። ሐኪሞቹ ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ይጠሩታል። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ በሽታ ነው፤ ትል የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር ባለበት፣ ዝናብም በሚበዛበት አገር፣ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ የኖረን ሰው ይይዘዋል። ደቃቅ የአፈሩ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ገብተው ውስጥ ውስጡን ይጎዳሉ። በዘር የሚመጣ ተጋላጭነትም አለበት። ለዚህ ነው አንድ ጓሮ ሲረግጡ ካደጉ እኅትማማቾች አንዷ ታማ ሌላዋ ደህና የምትሆነው። በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች የተካሄደና በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች መካከል በሽታው 3.3 በመቶ በሚሆኑት ላይ መገኘቱን ገልጿል። ከሠላሳ ሰው አንድ ማለት ነው። ሠላሳ ሰው እኮ የአንድ ማኅበር ጠጪ ነው።

መከላከያው የሚገርም አይደለም፤ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ጫማ ማድረግ፣ ከአፈሩ መራቅ። ጫማ በልኳ አሠራሁላት። ወደ ገበያም ወደ ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ ታደርገዋለች። ቤቷ ስትገባ ግን ታወልቀዋለች። «እቤቴም እንግዳ ልሁን እንዴ?» አለችኝ። ስለዚህ ጫማ ለእሷ ማድረጉ ካልሆነ ለቤቱ ማድረግ ነው ብዬ ተነሳሁ።

ሲሚንቶ እናቴ አልወደደችም፤ ጉልበቷን ብርድ ይሰብራታል። ቤታችን ጓሮ ደግሞ አባቴ የተከላቸው ባሕር ዛፎች አሉ። እንደ ልቤ ቢሆን ዋንዛ በመረጥሁ ነበር። ነገር ግን ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በስም ጠርቶ ከጠበቃቸው አራት ዛፎች አንዱ ነው፤ የቀሩት ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ናቸው። በኛ ደጅ ያለችው አንዲት ዋንዛ ደግሞ ከአዋጁም በፊት በእናቴ የተጠበቀች ናት። እናም ባሕር ዛፉ ተቆረጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ስፋቱ ኻያ ሳንቲ የሆነ ጣውላ ወጣው። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ይሥራው?

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስማቸው የተጠራ አንድ አናጢ እንዳሉ ነገሩኝና ሄድሁ። ማንኩሳን አልፌ፣ (ማንኩሳን የሐዲስ አለማየሁን ልቦለድ ያነበበ ሁሉ በስም ያውቃታል፤ በአውቶቡስ መስኮት ግን ቶሎ ታልፋለች) ድሮ ወጀት ትባል ወደነበረችው ከተማ ገባሁ። ሰውዬው በእድሜ የገፉ ናቸው። ጣልያኖች ዘንድ ከሠራ አናጢ እንደተማሩ ይናገራሉ። አነጋገራቸውም ይመሰክራል፤ ሞራሌው፣ ሊሾው፣ ዞኮሎው፣ የእንጨትና የግንብ ቋንቋችን ግማሹ ጣልያንኛ ነው። ቤቱን ካላየሁ ዋጋ አልናገርም ብለው አብረን መጣን።

ቤት ገብተው ብዙ አልተናገሩም። በርከክ አሉና መዳፋቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ፤ ትንሽ ቆይተው አንስተው አዩት። ከጣውላዎቹ አንዱን አንስተው በእጃቸው መዘኑት። ጫፉን በቢላዋ ወጋ አደረጉና እርጥበቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ እንዲህ አሉ።

«ጣውላው እርጥብ ነው። መሬቱ እርጥብ ነው። ሰማዩም እርጥብ ነው። ከጥር በፊት አልነካውም።»

እስከዚያው ድረስ ምን እንዳደርግ ነገሩኝ። ጣውላዎቹ ጥላ ውስጥ፣ በየመካከላቸው ቀጫጭን እንጨት እየገባ፣ ነፋስ እንዲያልፍባቸው ሆነው ይደርደሩ። እንዳይጣመሙ ከላይ ድንጋይ ይጫን። የወለሉ አፈር ይዛቅና ድንጋይና ጠጠር ይሙላበት፤ በላዩ ሞራሌ ይዘርጋ፤ ከሥር አየር የሚገባበት ቀዳዳ በግድግዳው ይተው። ዋጋ ስጠይቃቸው የእጅ ብቻ በካሬ 180 ብር አሉ። ቤቱ አራት በስድስት ነው፤ ኻያ አራት ካሬ። 4,320 ብር።

እኔም ወግ ነውና መከራከር ጀመርሁ። «120 ያድርጉት ጋሼ፣ የእናት ቤት እኮ ነው።»

«ሥራህ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

«የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ።»

«የዓመቱን ሒሳብ ዘግተህ ስትሰጣቸው ‹እስቲ ለሦስት እጁ የሁለት ክፈል› ይሉሃል?»

ሣቅሁ። ሣቄ ግን ከጥርሴ አላለፈም። ሲሄዱ ለራሴ የነገርሁት ይህ ነው፤ «ጥር ያሉት ሌላ ቦታ ሥራ ይዘው ነው። እርጥብ ደረቅ የሚሉት ሰበብ ነው።» ሰው የማያውቀውን ነገር ሲነግሩት ሰበብ ይመስለዋል።

የዚያኑ ማታ የአክስቴ ልጅ መጣ። እድሜው ወደ ኻያ ስድስት ይሆናል፤ አንድ ልጇ ነው። እጁ ሥራ ይወዳል። አጥር ያጥራል፣ በር ይጠግናል፣ ለሠርግ የሚሆን አግዳሚ ወንበርም ሠርቷል። ወለል ግን ሠርቶ አያውቅም። «አያ፣» አለኝ፣ «ለእናቴ ወለል ባዕድ ሲሠራላት ቆሜ ልይ?»

አንባቢ ሆይ፣ ለዚህ ምን ይባላል? እሱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የእናቱን እግር ሲያጥብ ያደገ ልጅ ነው። ለእሱ ወለሉ የጣውላና የምስማር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔም «የገዛ ልጇ ይሥራላት» አልሁ። ሐምሌ ሳይጋመስ ተጀመረ፤ ነሐሴ ሳይገባ አለቀ። በጣም ያምር ነበር። ፎቶ አንስቼ ለሰው ሁሉ አሳየሁ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ ላቁመውና ስለ አንድ ቃል ልናገር። «ባለሙያ» የሚለውን ቃል ገጠር ስንሰማው መጀመሪያ ትዝ የምትለን ወጥ የምታጣፍጥ ሴት ናት። ድሮ ደግሞ ሙያ ማለት ጦር ሜዳ ላይ የሚሠራ ጀብዱ ነበር፤ ሙያ የሠራ ሰው ይሸለማል፣ ይፎክራል። ከወጥና ከጦር ወዲያ ያለውን እውቀት የያዙት ሰዎች ግን፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ የተሰጣቸው ስም ሌላ ነው። ቡዳ ተባሉ። ገበሬው ማረሻውን ቀጥቃጩ ካልሠራለት አንዲት ትልም አያወጣም፤ ግን ልጁን ለቀጥቃጭ አይድርም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ቀንሷል ቢባል እስማማለሁ። ንቀቱ ግን መልኩን ቀየረ እንጂ የቀረ አይመስለኝም። ዛሬ አናጢን «ቡዳ» አንለውም፤ «ይቺማ ምን አላት?» ነው የምንለው።

በአገራችን ትልቁ የሕንፃ ተቋራጭ «ይቺማ ምን አላት» ነው። ቧንቧውን የሚቀጥል እሱ፣ መብራቱን የሚዘረጋ እሱ፣ ጣራውን የሚመታ እሱ። ንቀቱ የተደበቀው በትሕትና ውስጥ ነው፤ «ራሴ እሠራዋለሁ» የሚል ሰው ትጉህ ይመስላል። ግን ራሴ እሠራዋለሁ ማለት አንዳንድ ጊዜ «ያ ሰው አርባ ዓመት የተማረውን እኔ ቅዳሜና እሑድ እደርስበታለሁ» ማለት ነው።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው ተቆጣኝ። «ታዲያ ደቦውስ? አባቶቻችን ባለሙያ ቀጥረው ነው እንዴ ቤት የሠሩት?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም ብዙ አሰብሁበት። ደቦና ወንፈል ግን ሙያ ሳይኖር የሚሠራ ሥራ አይደለም። በኛ አገር ጭቃ ማቡካት፣ ማገር ማሰር፣ ሣር መክደን የማያውቅ ጎልማሳ አልነበረም። ሠላሳ ሰው ለደቦ ሲወጣ የወጣው ሠላሳ ባለሙያ ነው፤ እያንዳንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ የብዙ ሰው ቤት ሲሠራ ጭቃ አቀብሏል። ያም ሆኖ ጣራው ሲዋቀር ሁሉም ዝም ብሎ የሚያዳምጠው አንድ ሰው አለ። እሱ ካልመጣ ቀኑ ይለወጣል። ጠላው ተጠምቆ፣ እንጀራው ተጋግሮ እንኳ ይለወጣል! እንግዲህ አባቶቻችንም ባለሙያ ይጠብቁ ነበር። ጣውላ ወለል ግን ለመንደራችን አዲስ ነገር ነው። ለአዲስ ነገር ደቦ ሲጠራ የሚመጣው ጉልበት ብቻ ነው።

ዳግማዊ ቴዎድሮስ ለሠራዊታቸው መንገድ ሲያሠሩ ራሳቸው ድንጋይ ይሸከሙ እንደነበር ያዩዋቸው የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ክብሩ አይቀንስም፤ ይጨምራል እንጂ። ለመድፉ ግን ወደ ጋፋት ሚሲዮናውያን ሄዱ። የታሪኩ አስቸጋሪ ክፍል እዚህ ላይ ነው፤ እነዚያ ሚሲዮናውያን ባለ እጅ ቢሆኑም አብዛኞቹ መድፍ አቅልጠው የሚያውቁ አልነበሩም። አንችልም አሉ፤ ንጉሡ አልሰሟቸውም። ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ እንደገና ሞከሩ። በመጨረሻ ሴባስቶፖል ተሠራ። ስለዚህ «ካልተማርህ አትንካ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። እየከሸፈበት ያልተማረ ባለሙያ የለም። የኔ አናጢም መጀመሪያ የሠሩት ወለል ምን ይመስል እንደነበር እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

እንግዲህ ጥያቄው «አላዋቂ ይሥራ ወይስ አይሥራ?» አይደለም። ሰው ሥራ የሚለምደው በመሥራት ነው። ጥያቄው ማን ቤት ውስጥ ይልመድ፣ ሲበላሽስ ማን ይክፈል የሚለው ነው። አዲስ አበባ የምኖረው እኔ ቤት ወለሉ ቢበላሽ እግሬ አያብጥም።

ወለሉ እስከ ታኅሣሥ ደህና ነበር። ከጥር በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ ወለሉ ሣቀ» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። መጋቢት ላይ ሄጄ ሳየው ገባኝ። በየጣውላው መካከል ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። ሒሳቡን የዚያን ዕለት ነው የተማርሁት፤ የሒሳብ ሠራተኛ መሆኔ ደግሞ አሳፈረኝ። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ በቁመቱ ያን ያህል አይቀንስም፤ በስፋቱ ግን ይጠባል። ኻያ ሳንቲ የሚሰፋ የባሕር ዛፍ ጣውላ እስከ አንድ ሳንቲ ሊጠብ ይችላል። ቤታችን በወርዱ አራት ሜትር ነው፤ ኻያ ጣውላ ጎን ለጎን ተኝቶበታል። ኻያ ጊዜ አንድ ሳንቲ፣ ኻያ ሳንቲ። ከቤቱ ውስጥ አንድ ሙሉ ጣውላ ጠፍቷል ማለት ነው!

በክፍተቱ መርፌ ገባ፣ ጤፍ ገባ፣ ዝርዝር ሳንቲም ገባ። ይኼ ሁሉ ይሁን። ከሥር ድንጋይና ጠጠር አልተሞላም ነበርና ሰው በረገጠ ቁጥር ደቃቁ ቀይ አቧራ በክፍተቱ ወደ ላይ ብቅ ይላል። አክስቴ ጧት ጧት እግሯን ታጥባ ስትቀመጥ፣ ማታ ላይ ቁርጭምጭሚቷ እንደ ሸክላ ሠሪ እጅ ቀይ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ስትለቀልቀው እንኳ እንዲህ አይነሳም ነበር። ጫማ ያደረግንለት ቤት ጫማው ቀዳዳ ሆነ።

የአክስቴ ልጅ እሑድ እሑድ ቡና ለመጠጣት ይመጣ የነበረው ቀረ። ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እኔም ልናገረው አልቻልሁም። ምን ብዬ? ባለሙያ ስትቀጥር ከሥራው ጋር አንድ ነገር አብረህ ትገዛለህ፤ የመቆጣት መብት። «ይህን አበላሽተሃል፣ አስተካክል» ትላለህ፤ ቢከፋውም ነገ ሰላም ትባባላላችሁ። ዘመድ በፍቅር የሠራልህን ግን ዝም ብለህ ትረግጠዋለህ።

ከዚህ የከፋውን አሁን ልናዘዝ። ልጁ «ለእናቴ» ሲለኝ እኔ የሰማሁት «4,320 ብር» ነበር። አናጢው ጥር ሲሉ እርጥበቱ በእጃቸው ላይ እንደታያቸው አይቻለሁ፤ ልጁ ወለል ሠርቶ እንደማያውቅም አውቃለሁ። ፍቅሩን እንደ ቅናሽ ዋጋ ተጠቀምሁበት። ሲጨርስ 1,500 ብር «ለሻይ» ብዬ በእጁ አስጨበጥሁት። ደሞዝ አልነበረም፤ ደሞዝ ብለው ውል ይሆናል፣ ውል ከሆነ ደግሞ ተጠያቂነት አለው። ስጦታም አልነበረም፤ ሁለት ሳምንት በላብ ሠርቶበታል። ክፍያውንም ወቀሳውንም ነፈግሁት። ዘመድን ማሠራት ርካሽ ነው ሲሉኝ ዛሬ የማስበው ያንን «ለሻይ» ያልሁትን ገንዘብ ነው።

ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረ። አናጢውን መቅጠር፣ ልጁንም ከእሳቸው ሥር በቀን ሒሳብ መቅጠር። ልጁ ለእናቱ ይሠራ ነበር፣ ሙያም ይማር ነበር። ይህ ሐሳብ ሰኔ ላይ አንድም ጊዜ አልመጣልኝም። ያልመጣልኝ ከባድ ስለሆነ አይደለም፤ ስድስት ወር መጠበቅና ሁለት ሰው መክፈል ስለሚጠይቅ ነው።

ባለሙያ በምን ይታወቃል? ይህን የሚጠይቁኝ አሉ። አሁን ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚወጡ ልጆች አሉ፣ የብቃት ምዘና አለ፣ ወረቀት አለ። ወረቀቱን አልንቅም፤ ቢያንስ አንድ ሰው ፊት ቆሞ ሠርቶ እንዳሳየ ይናገራል። እኔ የማውቃቸው አናጢ ወረቀት የላቸውም። ያሳወቀኝ ነገር ቢኖር ሥራውን አልሠራም ማለታቸው ነበር። ሥራ ፈላጊ ሰው፣ ገንዘብ ፊቱ ቀርቦለት፣ «አሁን አይሆንም» ካለ ከእጁ በላይ የሚያከብረው ነገር አለው። ያኔ ግን እንደ ስንፍና ነበር የቆጠርሁት።

ሚያዝያ 2010 ላይ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ለመንኋቸው። ዋጋው 220 ብር ሆኗል። አልተከራከርሁም። ሲመጡ «ብዬህ ነበር» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አላሉም። ልጁን አስጠሩት። ፈርቶ መጣ፤ ከበሩ ወዲህ አልገባም። ሰውዬው አንድ ጣውላ ከነቀሉ በኋላ የምስማሩን መስመር ከዳር እስከ ዳር አዩና «ይሄ ልጅ ምስማር ያውቃል። እንጨት አያውቅም» አሉ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው «ና ያዝልኝ» አሉት። ያ ሁሉ የኔ ጭንቀት በሁለት ቃል አለቀ።

የሳሎኑ ጣውላ ሁሉ ተነሳ። አፈሩ ተዛቀ፣ ድንጋይና ጠጠር ተሞላ፣ ሞራሌው በውሃ ልክ ተዘረጋ። ጣውላዎቹ ደርቀዋልና ጎናቸው ተላግቶ በወንድና ሴት ተገጣጠመ፤ የጎደለው ቦታ ደረቅ ጣውላ ተፈልጎ ተሞላ። በግድግዳው ዙሪያ የጣት ወርድ ያህል ክፍተት ሲተዉ ልጁ ደነገጠ። «ክረምት ላይ እንጨት ይወፍራል፣ የሚወፍርበት ቦታ ተውለት» አሉት፤ በዞኮሎም ከደኑት። ልጁ ስድስት ቀን አብሯቸው ሠራ። የቀን ሒሳቡን እኔ ሳልሆን እሳቸው ቆጥረው ሰጡት።

የቀረው የአክስቴ ክፍል ነበር፤ ሁለት በአራት የምትሆን ጓዳ። ልንገባ ስንል በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄ አይነሳም» አለች። «ይሄን ልጄ ነው የሠራልኝ።»

ስለ አፈሩ ነገርኋት፤ ስለ ደቃቁ ቅንጣት፣ ስለ እግሯ። ሰማችኝ። ልጇም ለመናት። «እማ፣ ተበላሽቶ እኮ ነው» አላት። ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችና «አልተበላሸም» አለችው። እኔ እሷን አስገድጄ ለጤናዋ መልካም የሆነውን ላድርግ ወይስ ልተዋት? የራሷ እግር፣ የራሷ ልጅ፣ የራሷ ወለል ነው። ግን ደግሞ ሐኪሙን እኔ ነኝ ያናገርሁት። ዝም ብዬ ቆምሁ።

አናጢው ቀስ ብለው አልፈውን ገቡና እንደ ልማዳቸው ተንበረከኩ። ሳሎኑ ውስጥ የነበረው ክፍተት እዚያ ውስጥ የለም። በየጣውላው መካከል ግራጫ ነገር ተሞልቶ፣ ለስልሶ፣ ደርቋል። በምስማር ጫፍ ጫር ጫር አደረጉት። አልረገፈም።

«ምን ሞሉበት?» አሉ አክስቴን።

«እበት ነው። የወይራ አመድ አለበት፣ ትንሽ የተልባ ውኃ።»

«ተልባው ስንት ነው?»

አክስቴ በመዳፏ አሳየቻቸው። እሳቸውም መዳፏን አይተው በእርሳሳቸው ቁራጭ ጣውላ ላይ አንድ ነገር ጻፉ።

ስንወጣ ጠየቅኋቸው። ክረምት ሲገባ ጣውላው ሲወፍር ያንን ምርጊት ገፍቶ አያወጣውም? አቧራውስ እንደገና አይነሳም?

«እሱን እሳቸውን ጠይቅ» አሉኝ።